የማስረዳት ሸክሙ የማን ነው? የሰውዬው ወይስ የማሽኑ?

በመስከረም ወር 1993 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10 ሺሕ ሜትር ፍፃሜ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ሲገባ፣ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሁሉ በጎረቤት ተጨናንቆ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በዚያው ሰሞን አውስትራሊያ ውስጥ ስለዚያው ኦሊምፒክ ሌላ ዓይነት ፍልሚያ ይካሄድ ነበር። ቦታው ስታዲየም ሳይሆን የአገሪቱ የሰብዓዊ መብትና የእኩል ዕድል ኮሚሽን ነው። ከሳሹ ብሩስ ማጓየር የሚባል ዓይነ ሥውር፣ ተከሳሹ ደግሞ የኦሊምፒኩ አዘጋጅ ኮሚቴ ነበር። የክሱ ጭብጥም ባጭሩ ‹‹የኦሊምፒኩን ድረ ገጽ ማንበብ አልቻልኩም›› የሚል ነው።

‹‹ዓይነ ሥውር ሰው ድረ ገጽ ማንበብ አልቻልኩም ብሎ ይከሳል እንዴ?›› የሚል አንባቢ እንደሚኖር እገምታለሁ። አይፈረድበትም። ነገር ግን ማጓየር ኮምፒዩተር ከብዙዎቻችን በተሻለ የሚጠቀም ሰው ነበር። በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ወደ ብሬል ነጥቦች እየለወጠ ከጣቱ ሥር የሚያቀርብለት መሣሪያ ነበረው። ሌሎች ዓይነ ሥውራን ደግሞ ጽሑፉን ድምፅ አውጥቶ የሚያነብላቸው ስክሪን ሪደር የሚባል ሶፍትዌር ይጠቀማሉ። ችግሩ መሣሪያው ሊያነብ የሚችለው ጽሑፍን እንጂ ሥዕልን አለመሆኑ ላይ ነው። የድረ ገጹ ሠሪ አንድን ምልክት በሥዕል ብቻ አስቀምጦ ከሥሩ ‹‹ይህ የውድድር ፕሮግራም ነው›› የሚል የተሰወረ የጽሑፍ መግለጫ ካልጨመረበት፣ ለሚያየው ሰው ቁልጭ ብሎ የሚታየው በር ለማያየው ሰው ግድግዳ ይሆናል። ማጓየር የጠየቀው ሦስት ነገር ነው። ሥዕሎቹ የጽሑፍ መግለጫ ይኑራቸው፣ ከፕሮግራሙ ገጽ ወደ ስፖርቶቹ ዝርዝር መግባት ይቻል፣ የውጤት ሰንጠረዦቹም ይነበቡ።

የአዘጋጅ ኮሚቴው መከላከያ ለሕግ ሰው ትልቅ ትምህርት ነው። ‹‹ይህን ለማድረግ አንድ ሰው በቀን ስምንት ሰዓት እየሠራ 368 ቀናት ይፈጅበታል፤ ወጪውም ከ2 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ነው›› አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የአገሪቱ የአካል ጉዳተኞች አድልዎ ክልከላ ሕግ ተከሳሽን ከኃላፊነት ነፃ የሚያደርገው ማስተካከያው ምክንያታዊ ያልሆነ ጫና የሚያስከትል ሲሆን ነው። ጫናውን የማስረዳት ሸክም ግን የተከሳሹ ነው። ባለሙያ ምስክሮች ቀርበው ግምቱ የተጋነነ መሆኑን፣ ሥራው ከመነሻው ታስቦበት ቢሆን ኖሮ ወጪው እዚህ ግባ የማይባል ይሆን እንደነበር አስረዱ። ኮሚሽኑ ነሐሴ 18 ቀን 1992 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ መከላከያውን ውድቅ አድርጎ፣ ማስተካከያው ጨዋታው እስከሚከፈትበት ቀን ድረስ እንዲጠናቀቅ አዘዘ። ኮሚቴው ትዕዛዙን በከፊል ብቻ በመፈጸሙ ለማጓየር 20 ሺሕ የአውስትራሊያ ዶላር ካሣ እንዲከፍል ተወሰነበት። ገንዘቡ ለአንድ ኦሊምፒክ አዘጋጅ የኪስ ገንዘብ ነው። ይሁንና ድረ ገጽን የሚመለከት እንዲህ ዓይነት ክርክር በዓለም ላይ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በመሆኑ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

እኔን የሚስበኝ የካሣው መጠን አይደለም። ጥያቄው የተገለበጠበት መንገድ ነው። እስከዚያ ድረስ ‹‹አንተ ማየት ስለማትችል አታነብም›› ይባል የነበረው ‹‹እናንተ ሳትጽፉት ስለቀራችሁ አይነበብም›› ወደሚል ተለወጠ። ሰው ተኮር የሶፍትዌር ጥናት የሚባለው ዘርፍ በሙሉ ከዚህ መገለባበጥ የተነሣ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ ወረፋ ስጠብቅ ከፊቴ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ከቤይሩት የላከችላቸውን ገንዘብ በስልካቸው ለማየት ሞክረው መተግበሪያው ተቆልፎባቸዋል። ወጣቷ ሠራተኛ በትሕትና ‹‹እማማ፣ የይለፍ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ተሳስተው ነው›› አለቻቸው። እሳቸውም ‹‹እኔ ነኝ ልጄ፣ የእኔ ድንቁርና ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ›› ብለው አንገታቸውን ደፉ። ስልኩን አየሁት። የይለፍ ቁጥሩ የሚጻፍበት ቦታ የተሳሳተውን አኃዝ አያሳይም፤ የቁጥሮቹ አቀማመጥ በየጊዜው ይቀያየራል፤ መልዕክቱ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉም ለእኔ መነጽር እንኳ ያስቸግራል። ታዲያ ይቅርታ መጠየቅ የነበረበት ማን ነው?

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዶናልድ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ ይህን ባሕርይ በደንብ ተንትኖታል። ሰዎች በር መክፈት፣ ምድጃ ማብራት ወይም ኮምፒዩተር ማዘዝ ሲያቅታቸው ራሳቸውን ይወቅሳሉ፤ ያው ስህተት በሌሎች ሺሕ ሰዎች ላይ መድረሱን ስለማያውቁ የእነሱ ጉድለት ይመስላቸዋል። ብዙ ሰው በአንድ ቦታ ላይ ተመሳሳይ ስህተት ከሠራ ግን ጥፋቱ የሰዎቹ ሳይሆን የዕቃው አሠራር ነው። በእኔ ቋንቋ ልግለጸውና፣ ምስክሮቹ በተለያየ ክፍል ተቀምጠው ተመሳሳይ ቃል ሰጥተዋል ማለት ነው።

የዚህ ጥናት ታሪክ ከአንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን ጋርም ይያያዛል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የዜሮክስ ኩባንያ አዲስ ፎቶ ኮፒ ማሽን አውጥቶ ደንበኞች ‹‹ይከብዳል›› እያሉ ያማርሩ ነበር። በካሊፎርኒያ በሚገኘው የኩባንያው የምርምር ማዕከል የምትሠራ ሉሲ ሰችማን የምትባል የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ ማሽኑን ሲጠቀሙ የሚያሳይ ፊልም አነሣች። በፊልሙ ላይ ሁለት ሰዎች ወረቀት በሁለቱም ገጽ ለማባዛት ሲታገሉ፣ ሲመካከሩ፣ ግራ ሲጋቡ ይታያሉ። እነዚያ ሁለት ሰዎች ፊደል ያልቆጠሩ አልነበሩም። አንደኛው የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሥራቾች ከሚባሉት አንዱ የሆነው አለን ኒውል ነው። ኒውልን ያስቸገረ ማሽን ‹‹ለተራው ሰው ቀላል ነው›› ተብሎ እንዴት ይሸጣል? ሰችማን እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣችው መጽሐፍ ማሽኑ የሰውን ዕቅድ እንደሚያውቅ ሆኖ መሠራቱን፣ ሰው ግን በማሽን ፊት የሚሠራው በዕቅድ ሳይሆን እንደ ሁኔታው እየተጠበበ መሆኑን አስረዳች። አንትሮፖሎጂ የጎሳ ባህል ማጥኛ ብቻ ነው ብሎ ለሚያስብ ይህ ሊገርመው ይችላል።

ሌላው ምሳሌ ደግሞ ከኦሊምፒክ ጋር መያያዙ አጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ (ኢትዮጵያ ከሶቪየት ኅብረት ጎራ ጋር ሆና ያልተሳተፈችበት ነው) የአይቢኤም ተመራማሪው ጆን ጉልድና ባልደረቦቹ ለአትሌቶች የድምፅ መልዕክት መለዋወጫ ሠርተው ነበር። አትሌቱ በኦሊምፒክ መንደር ውስጥ ባለ መሣሪያ ከቤተሰቡ የተላከለትን ድምፅ ይሰማል፣ ይመልሳል። በ12 ቋንቋዎች ይሠራ ነበር። የሚደነቀው ከመሠራቱ በፊት የሆነው ነው። ፕሮግራሙ አንድ መስመር ሳይጻፍ ገና የአጠቃቀም መመሪያው ተጽፎ ለሰው ተሰጠ፤ ሰው ያልገባው ቦታ ሁሉ ተሰርዞ እንደገና ተጻፈ። የመሣሪያው ቅርጽ ባዶውን፣ ሥዕል ብቻ ተለጥፎበት፣ በመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ላይ ቆመ፤ አላፊ አግዳሚው አስተያየቱን ሰጠ። የቀድሞ ኦሊምፒያን በቡድኑ ውስጥ ገባ። የኮምፒዩተር ተማሪዎችም ‹‹እንደምንም ብላችሁ አበላሹት›› ተብለው ተጋበዙ። በጨዋታው ሳምንታት ከ40 ሺሕ ጊዜ በላይ አገልግሎት ሰጠ።

ጉልድና ባልደረባው ክሌይተን ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1985 ያስቀመጡት መርህ ዛሬም አልተሻረም። ከመጀመሪያው ቀን ተጠቃሚውን ወደ ሥራው አስገባው፤ የወደደውን ከመጠየቅ ይልቅ ሲሠራ ተመልክተህ ለካ፤ ያየኸውን ስህተት አርመህ እንደገና ፈትን። ቀላል ይመስላል። ሁለቱ ግን በጊዜው ብዙ ባለሙያዎችን ጠይቀው እነዚህን ሦስት ነገሮች ራሳቸው ያነሱት ጥቂቶች መሆናቸውን አይተዋል። ጃኮብ ኒልሰን የተባለው ባለሙያ ደግሞ አምስት ሰዎች ብቻ ሲጠቀሙ ብታይ ከስህተቶቹ 85 በመቶ ያህሉ ይወጣሉ ብሎ አስልቷል። ስሌቱ ሁልጊዜ አይሠራም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን አምስት ሰው ይበቃል ወይስ አሥር ብሎ ለመከራከር መጀመሪያ አንድ ሰው መጋበዝ ያስፈልጋል። በአገራችን ባለ ብዙ ሚሊዮን ብር ሲስተም ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን እናያለን እንጂ የፈተነውን ተጠቃሚ ስም ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

አጋዥ ቴክኖሎጂ ላይ ደግሞ ከዚህም የጠነከረ ነገር አለ። ብዙዎቹን መሣሪያዎች የሠሩት ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ናቸው። ለረዥም ጊዜ በዓለም ላይ ሰፊ ተቀባይነት የነበረውን ጆስ የተባለውን ስክሪን ሪደር የመሠረተው ቴድ ሄንተር የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በደረሰበት የመኪና አደጋ የዓይኑን ብርሃን አጥቶ ፕሮግራም መጻፍ ተማረ። ምርቱ በ1989 ወጣ። ዋጋው ግን ወደ ሺሕ ዶላር የሚጠጋ ስለሆነ ለእኛ አገር ተማሪ የሚቀመስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 ማይክል ከራን የተባለ ዓይነ ሥውር አውስትራሊያዊ ወጣት ‹‹ዓይናማው ስክሪኑን ለማየት ተጨማሪ ካልከፈለ እኔ ለምን እከፍላለሁ?›› በሚል ስሜት ኤንቪዲኤ የተባለውን ነፃ ስክሪን ሪደር መጻፍ ጀመረ፤ እንደሱው ዓይነ ሥውር የሆነው ጄምስ ቴ ተቀላቀለው። ዛሬ ማንም ሰው ያለ ክፍያ አውርዶ ይጠቀምበታል። ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ የአይፎንም የአንድሮይድም ስልኮች የሚያነብ ድምፅ በውስጣቸው ይዘው ይመጣሉ። በእጃችሁ ያለው ስልክ ውስጥ አለ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፈልጉት።

በእኛ ዘመን በሕግ ትምህርት ቤት አብረውን የተማሩ ዓይነ ሥውራን የሚያጠኑት እኛ ዓይናሞቹ በተራ እያነበብንላቸው ነበር፤ ወይም በካሴት እየቀዳንላቸው። ፈተና ሲደርስ አንባቢው ሁሉ የራሱን ጥናት ይይዛል። አንድ ጓደኛዬ ‹‹እናንተ ከፈተና በፊት መጽሐፍ ታነባላችሁ፤ እኔ ሰው ለምናለሁ›› ይለኝ ነበር። ዛሬ ያው ተማሪ መጽሐፉ በትክክለኛ የኮምፒዩተር ጽሑፍ ካለው ማንንም ሳይለምን ሌሊቱን ሙሉ ያጠናል። ከዚያው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቀችው ዓይነ ሥውሯ የትነበርሽ ንጉሤ እ.ኤ.አ. በ2017 ‹‹ራይት ላይቭሊሁድ›› የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት መቀበሏን አንባቢ ያስታውሳል። አቅሙ ድሮም ነበር ማለት ነው። ያልነበረው የሚነበብ ጽሑፍ ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛ ጉዳይ ይመጣል። አጥብቄ ልናገርበት የምፈልገውም ይህ ነው።

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአገር ልጆች በራሳቸው ጥረት የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር እንዲጻፍ አድርገዋል፤ ምሥጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ያኔ የነበረው መላ በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛ ፊደል መልክ መለጠፍ ነበር። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ‹‹ሀ›› ነው፤ ኮምፒዩተሩ በሆዱ የያዘው ግን የላቲን ፊደል ወይም ሌላ ምልክት ነው። ለዓይን ልዩነት የለውም። ስክሪን ሪደሩ ግን የሚያነበው በሆዱ ያለውን ስለሆነ የሚሰማው ትርጉም የሌለው ጫጫታ ነው። ዩኒኮድ ከመጣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ዛሬም በእነዚያ የቆዩ ፎንቶች ደብዳቤ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ሞልቷል። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ከአንድ የቢሮ ሰነድ ላይ ጥቂት መስመር ገልብጣችሁ በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩ። አማርኛ ሆኖ ከደረሰ ደግ፤ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ከመጣ ግን ያ ሰነድ ለዓይነ ሥውር ዜጋ አልተጻፈም ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ስካን ነው። አዋጅና መመሪያ ታትሞ፣ ተፈርሞበት፣ ማኅተም ተመቶበት፣ በስካነር ፎቶ ተነስቶ ይለቀቃል። ያ ፎቶ ነው፤ ጽሑፍ አይደለም። ስክሪን ሪደሩ ‹‹ባዶ ገጽ›› ይላል። ከፎቶ ላይ የአማርኛ ፊደል ለይተው የሚያወጡ እንደ ቴሰራክት ያሉ ነፃ ሶፍትዌሮች አሉ፤ የደበዘዘ ማኅተምና የተጣመመ ገጽ ላይ ግን ይሳሳታሉ። በሕግ ‹‹ይችላል›› እና ‹‹አይችልም›› መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ፊደል ነው። ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም እያልን ሕጉን በማይነበብ መልክ ማውጣት እንዴት ይታረቃል? ዋናውን የኮምፒዩተር ጽሑፍ ከስካኑ ጎን ማስቀመጥ እኮ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ሦስተኛው የምርምር ጉዳይ ነው፤ ለቋንቋና ለኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎቻችን የሚያኮራ የመመረቂያ ርዕስ ይሆናል። አማርኛን የሚያነቡ የኮምፒዩተር ድምፆች አሉ። ኤንቪዲኤ የሚጠቀምበት ኢስፒክ የተባለው ነፃ የድምፅ ሶፍትዌር አማርኛን ከያዛቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ድምፁ ግን የሮቦት ነው፤ የለመደው ብቻ ይሰማዋል። ምክንያቱ የቴክኖሎጂ ድክመት ብቻ አይደለም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። ‹‹አለ›› ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው። ‹‹ገና›› ላልቶ ጊዜው አልደረሰም፣ ጠብቆ በዓል ነው። እኛ ከዐረፍተ ነገሩ እንረዳለን። ማሽኑ ግን እንዲረዳ መማር አለበት። በተቃራኒው ደግሞ ‹‹ሰ›› እና ‹‹ሠ››፣ ‹‹ሀ›› እና ‹‹ሐ›› በጆሮ አንድ ናቸው፤ በጆሮ ብቻ የሚያነብ ሰው ስም ሲጽፍ በየትኛው ይጻፍ? ይህን የሚፈታልን የካሊፎርኒያ ኩባንያ አይደለም። ቢፈታውም ለእኛ ብሎ ሳይሆን ሲደርሰው ነው።

‹‹ይህ ሁሉ ለስንት ሰው ነው?›› የሚል ሰው አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት ቢያንስ አንድ አጋዥ መሣሪያ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ናቸው። መነጽር እንኳ በዚህ ውስጥ ይቆጠራል። በአንዳንድ ድሃ አገሮች ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች መሣሪያውን የሚያገኙት 3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ በሀብታሞቹ እስከ 90 በመቶ ይደርሳሉ። ከዚህም በላይ ለአንዱ ችግር የተሠራ ነገር ለሌላው መትረፉ የተለመደ ነው። ከመጀመሪያዎቹ የጽሕፈት መኪናዎች አንዱን እ.ኤ.አ. በ1808 ገደማ ጣሊያናዊው ፔሌግሪኖ ቱሪ የሠራው አንዲት ዓይነ ሥውር ባላባት ደብዳቤ እንድትጽፍበት ነበር። በኮከብና በመሰላል ምልክት የሚጀምሩትን የስልክ አገልግሎቶች ተመልከቱ። ምርጫውን አንብቦ ሳይጨርስ ‹‹ጊዜዎ አልፏል›› የሚባለው ዓይነ ሥውሩ ብቻ አይደለም፤ ቀስ ብሎ የሚያነበው ገበሬ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ አዛውንት፣ በፀሐይ መሐል ስክሪኑ የማይታየው የታክሲ ረዳትም ጭምር ነው። ሰዓቱን በጥቂት ሰከንዶች ማራዘም ለሁሉም ይደርሳል።

በሌላው ዓለም ሕጉ ሩቅ ሄዷል። በአሜሪካ የዓይነ ሥውራን ብሔራዊ ፌዴሬሽን ታርጌት የተባለውን ግዙፍ የንግድ ድርጅት በድረ ገጹ ምክንያት ከስሶ እ.ኤ.አ. በ2008 ክርክሩ በ6 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። በ2019 ደግሞ ፒዛ በስልክ መተግበሪያ ማዘዝ ያልቻለ ዓይነ ሥውር በዶሚኖስ ላይ ያቀረበው ክስ በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ተቀባይነት አግኝቶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኩባንያውን አቤቱታ ሳይመለከት ቀረ። ‹‹ለፒዛ ይህን ያህል?›› ያሉ ነበሩ። መብት ፒዛ ላይ ካልሠራ ደመወዝና መድኃኒት ላይ እንደማይሠራ የረሱ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት የተደራሽነት ሕግ ከሰኔ 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የባንክ አገልግሎትን፣ የኤሌክትሮኒክ ንግድን፣ የቲኬት ማሽኖችን ጭምር ማስገደድ ጀምሯል። አቋራጭ መንገድ ሻጮችም አልጠፉም። አክሰሲቢ የተባለ ኩባንያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ያለው መሣሪያዬ ማንኛውንም ድረ ገጽ ተደራሽ ያደርጋል ብሎ ያስተዋውቅ ነበር፤ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ማስታወቂያው አሳሳች ነው ብሎ በ2025 አንድ ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። ሰው ሳይጠየቅ ሰው ተኮር መሆን እንደማይቻል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

እኛስ? በወረቀት ላይ ድሆች አይደለንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን የመርዳት ኃላፊነት በመንግሥት ላይ ጥሏል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ፀድቋል፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂን በስም ጠርቶ ተደራሽ እንዲሆን ያዛል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረትም የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የታተሙ ሥራዎችን ለዓይነ ሥውራን በሚነበብ መልክ ለማዘጋጀት የባለመብት ፈቃድ እንዳያስፈልግ የሚያደርገውን የማራኬሽ ስምምነትም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 ተቀላቅላለች።

ከሁሉ በላይ ግን የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000ን ማንሳት እፈልጋለሁ። ይህ አዋጅ ሁለት ጥርስ አለው። አንደኛ፣ አሠሪ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ሲያዝ የሥራ መሣሪያንም ይጨምራል፤ ኮምፒዩተርና በውስጡ ያለው ፕሮግራም በዚህ ዘመን ዋናው የሥራ መሣሪያ አይደለም የሚል ካለ ይምጣና ይከራከር። ሁለተኛ፣ በአካል ጉዳቱ ምክንያት በሥራ ላይ አድልዎ ደረሰብኝ የሚል ሰው የማስረዳት ሸክም ሳይኖርበት ክስ ማቅረብ ይችላል። ሲድኒ ላይ ያየነው መገለባበጥ እኛ አገር በአዋጅ ተጽፎ ተቀምጧል ማለት ነው። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ የገዛው አዲስ ሲስተም ከስክሪን ሪደር ጋር ስለማይሠራ ከቦታው ቢነሣ፣ ‹‹ሲስተሙ ስለማይፈቅድ ነው›› የሚለው መልስ በእኔ አስተያየት መከላከያ አይሆንም። ሲስተሙን የገዛው ማን ሆነና!

ጉድለቱ አዋጁ የሚናገረው ስለ ሥራ ብቻ መሆኑ ነው። ለአገልግሎት ተቀባዩ፣ ለእነዚያች የባንክ ወረፋ እናት፣ በቀጥታ አይደርስም። የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖረው ያዛል፤ የሚናገረው ግን ስለ በርና ስለ ሊፍት ነው። መሥሪያ ቤቱ በሩን ዘግቶ ‹‹በኦንላይን ብቻ›› ሲል መግቢያው ስክሪን ይሆናል።

አዲስ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1998 ያጠናከሩት አንቀጽ 508 የሚባለው ድንጋጌ የሠራው በወንጀል ቅጣት ሳይሆን በግዥ ነው። የፌዴራል መንግሥት ለአካል ጉዳተኛ የማይሆን ቴክኖሎጂ አልገዛም አለ፤ ትልቁ ደንበኛ እንዲህ ሲል ሻጮቹ ሥራቸውን አስተካከሉ። እኛም አገር ትልቁ የሶፍትዌር ገዥ መንግሥትና ባንኮች ናቸው። ስለዚህ ውል የሚያረቅቁ የሙያ ባልደረቦቼን የምጠይቀው በሶፍትዌር ግዥ ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ እንዲጨምሩ ነው። ‹‹ሻጩ ሶፍትዌሩን ከማስረከቡ በፊት ቢያንስ አምስት ተጠቃሚዎች፣ ከእነሱም አንድ በስክሪን ሪደር የሚሠራ ዓይነ ሥውርና አንድ ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው፣ በአማርኛና አገልግሎቱ በሚሰጥበት ሌላ ቋንቋ ያለ ረዳት ዋና ዋናዎቹን ሥራዎች እንዲያከናውኑ ያደርጋል፤ ያቃታቸውን ያርማል፤ ጽሑፉ ሁሉ በዩኒኮድ ይሆናል፤ ከጠቅላላው ዋጋ 20 በመቶው የሚከፈለው ይህ በቃለ ጉባዔ ሲረጋገጥ ነው።›› በመቶኛው ላይ መደራደር ይቻላል። ቃለ ጉባዔው ላይ የሚፈርሙት ግን የሻጩ ተወካይና የገዥው ኃላፊ ብቻ ሳይሆኑ አምስቱም ተጠቃሚዎች መሆን አለባቸው፤ መፈረም የማይችል ካለም በጣት አሻራው።